አንድ ሣር፣ ብዙ ዘር

(ደሴ ላይ ለአርሶ አደሮች፣ ለተማሪዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር። እንደተነገረ ነው የቀረበው፤ ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ አሰላሙ አለይኩም። ድምፁ ከኋላ ይሰማል? ይሰማል አላችሁ፤ ጥሩ።

ከቦሩ ሜዳም፣ ከኩታበርም፣ ከኮምቦልቻም የመጣችሁ አላችሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሣር ሊሰማ ቅዳሜ ከሰዓቱን የሰጠ ሰው ቀላል ሰው አይደለም። አሁን ስመጣ አንድ ጓደኛዬ ፒያሳ ላይ አገኘኝና «ምን ልታወራ ነው?» አለኝ። «ስለ ሣር» አልኩት። «ሣር ደግሞ ምን ወሬ አለው? ይበቅላል፣ ይበላል፣ አለቀ» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ጠዋት በሬውን ሲያወጣ ስለ ሣር ዘረመል፣ ከወላጅ ስለሚወርሰው ጠባይ፣ የሚያስብ ማን አለ? ግን ሣሩ የጠፋ ዕለት ወተቱም፣ ቅቤውም፣ በሬውም፣ እርሻውም ተከታትለው ይሄዳሉ። ይህን ለወሎ ሰው ልነግር አልመጣሁም። 1966ንም 1977ንም ያያችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ሣር ሁሉ ሙቀትንና ድርቅን እኩል አይችልም፤ ለምን? ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ነው የምንለው ሣር ራሱ ውስጡ ብዙ ዘር አለው፤ በጠባዩ የተለያየ ዝርያ ማለቴ ነው። ዋናው ጉዳዬ ይሄ ነው፤ እዚያ ላይ ቆየሁ ብላችሁ አትቆጡኝ። ሦስተኛ፣ ታዲያ እኛ እዚህ ተራራ ላይ ያለነው ምን እናድርግ?

አንደኛውን እንጀምር። እስቲ በሐሳባችሁ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ ውረዱ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በየ100 ሜትሩ ስትወርዱ ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጃኬት ደርባችሁ ትነሡና ታች ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ፤ ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ነዋ! ወደ ባቲ ከቀጠላችሁማ ሸሚዙም ይከብዳል።

አሁን የመንገዱን ዳር እዩ። ላይ ገብስና ስንዴ ነው። ታች ማሽላ ነው። ሣሩም እንዲሁ ይለወጣል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ሰርዶ፣ ሰንበሌጥ አንድ ወገን ናቸው። ስንዴ፣ ገብስ፣ ጓሳ ሌላ ወገን ናቸው። ሳይንሱ የፊተኞቹን ሲ-ፎር፣ የኋለኞቹን ሲ-ስሪ ይላቸዋል። እኔ ዛሬ ቆለኛና ደገኛ እላቸዋለሁ። «ጤፍ እኮ እኛም ጋ ይበቅላል» የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ የቅጠሉ አሠራር ግን የቆለኛው ነው።

ልዩነቱ የት ነው? ቅጠል ውስጥ ሩቢስኮ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው ከአየር የገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ ነው። ተክል ስኳሩን የሚሠራው ከዚያ ነው። ይህ ሩቢስኮ ግን አንድ ዐመል አለበት፤ ኦክስጅንም ይይዛል። በደብዛዛ መብራት ምስር እንደሚለቅም ሰው ነው፤ ምስሩንም ጠጠሩንም ያነሣል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ደገኛው ሣር ይህን ኪሳራ ችሎ ይኖራል፤ ብርድ አገር ላይ ኪሳራው ትንሽ ነዋ። ቆለኛው ሣር ግን መላ ፈጥሯል። ካርቦኑን መጀመሪያ በሌላ ኢንዛይም ይይዝና ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ አጠራቅሞ ለሩቢስኮ ያቀብላል። ስለዚህ ሙቀት ቢመጣ አይደነግጥም። የቅጠሉን ቀዳዳ በሰፊው መክፈት ስለማያስፈልገው ውኃም ይቆጥባል። ተማሪዎች፣ አጉሊ መነጽር ካላችሁ የበቆሎና የስንዴ ቅጠል ጎን ለጎን ለፀሐይ ያዙና እዩ። የበቆሎው ደም ሥሮች ይበልጥ ተጠጋግተው ታገኟቸዋላችሁ። ያ የአሠራሩ ምልክት ነው።

በዓለም ላይ ካሉት የተክል ዓይነቶች ሲ-ፎር የሆኑት 3 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ግን በየብስ ላይ ከሚሠራው የተክል ምግብ ከአምስት አንዱን ያህል የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ኬንያ ውስጥ በ1979 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሣሮችን ከቆላ እስከ ተራራ ጫፍ ተከትሎ ነበር። ከ2,000 ሜትር በታች ሁሉም ማለት ይቻላል ቆለኛ ሆነው ተገኙ። ከ3,000 በላይ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ደገኛ። ደሴ የት ናት? 2,500 ላይ። መሐል ላይ! ድንበሩ ላይ ተቀምጠናል ማለት ነው። አየሩ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ ድንበሩ አንድ መቶ ሃምሳ፣ አንድ መቶ ስድሳ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሽቅብ ይላል። ጓሳውና የብርድ አገር ሣሩ ወዴት ይሄዳል? ወደ ላይ ነዋ። ተራራ ግን ጫፍ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ገባኝ፣ ተፈታ» ብላችሁ እንዳትሄዱ። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ካርቦን ሲበዛ ተጠቃሚው ያ ኪሳራ ያለበት ደገኛው ሣር ይሆናል፤ የትምህርት መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ 20 ዓመት ሙሉ ሣር ላይ ተጨማሪ ካርቦን እየለቀቁ ሞከሩት። የመጀመሪያዎቹን 12 ዓመታት መጽሐፉ ያለው ሆነ። ከዚያ ተገለበጠ! ደገኛው ሣር ከካርቦኑ መጠቀሙን አቆመ፤ ቆለኛው ቀደመ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲያወጡት ስንቱ ምሁር ራሱን አከከ። ከአፈሩ የሚገኘው ናይትሮጅን ጉዳይ ሳይኖርበት አይቀርም ተባለ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ሣርን በሁለት ወገን ከፍሎ ብቻ ትንቢት መናገር እንደማያዋጣ ነው። ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

እንግባ። ሁለተኛው ነጥቤ ይሄ ነው።

ሰርዶን የማያውቅ አለ? የለም። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ቦርከና ወንዝ ዳር ኮምቦልቻ ላይ ያለው ሰርዶና እዚህ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ያለው ሰርዶ አንድ ናቸው? ስማቸው አንድ ነው። መልካቸውም አንድ ነው። ጠባያቸውስ?

እኔ ቤተሰቦቼ ግቢ አንዲት ትንሽ መደብ ነበረችኝ። ከኮምቦልቻ ሰርዶ ከነሥሩ ነቅዬ አመጣሁ። ከጦሳ ሥርም አመጣሁ። አንድ አፈር፣ አንድ ውኃ፣ ጎን ለጎን። ክረምቱን ልዩነታቸው አይታይም ነበር። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲወድቅ ግን የኮምቦልቻው ገለባ መስሎ ቀረ። የጦሳው ጫፍ ጫፉ ቢገረጣም ሥሩ ዙሪያ አረንጓዴ ነበር። እናቴ «ይሄኛውማ ሞቷል፤ ንቀለውና ጎመን ልትከልበት» አለችኝ። ለመንኳት፤ ተወችልኝ። የካቲት ላይ በልጉ ሲያካፋ ቀድሞ ተንሰራፍቶ መደቡን የወረሰው ያ ሞተ የተባለው የኮምቦልቻው ነው። የጦሳው ቀስ ብሎ ነው የተከተለው። አንዲት መደብ ምርምር አይባልም፤ አውቃለሁ። ግን ዓይን ይከፍታል። አፈሩ አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ብርዱ አንድ ከሆነ ልዩነቱን ከየት አመጡት? ከውስጣቸው። ከዘራቸው።

በነገራችን ላይ አያቴ ይህንን ሳትማር ታውቀው ነበር። ሰፌድና መሶብ ትሰፋ ነበር። አክርማን ካገኘችበት አትለቅምም። «የዚያኛው ጋራ አክርማ ይሰበራል፤ የዚህኛው ይተጣጠፋል» ትል ነበር። ስንደዶውንም ትመርጣለች። እኛ ልጆቹ ቅርብ ካለው ነቅለን ስናመጣላት ዳሰስ አድርጋ «ውሰዱና ለፍየሏ ስጧት» ትለናለች። የአፈሩ ነው ወይስ የዘሩ? እሷ አልጠየቀችም፤ ሥራዋ መስፋት ነው። እኔን ግን ያ ጥያቄ ነው እስከዛሬ እንጀራ የሚያበላኝ።

ይህን ጥያቄ በወጉ የመለሱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጄንስ ክላውሰን፣ ዴቪድ ኬክና ዊልያም ሂሲ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት የሙከራ ቦታ ነበራቸው፤ አንዱ 30 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አንዱ 1,400 ላይ፣ አንዱ 3,050 ላይ። አንዲቷን ተክል ገንጥለው ለሦስቱም ቦታ አካፈሉ። የባሕር ዳርቻዋን ተራራ ላይ ተከሉ፤ የተራራዋን ባሕር ዳርቻ። ምን ሆነ? የባሕር ዳርቻው ዘር ተራራው ላይ የብርዱን ወራት አልቻለም። የተራራው ዘር ሞቃት ቦታ ላይ ተመችቶትም አጭር እንደሆነ ቀረ። ቁመቱ የቦታው ብቻ አልነበረም፤ አብሮት የተወለደ ነበር። ሥራቸውን ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሳተሙት። እኔ ሳነበው ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ይሄ እኮ ሐረጎ ነው!» እነሱ የሙከራ ቦታ ፍለጋ አገር አቋረጡ። እኛ ከባቲ እስከ ጦሳ በአንድ ቀን ሚኒባስ አለን።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። ይህ የዘር ልዩነት ለመፈጠር ስንት ዘመን ይፈልጋል? ሚሊዮን ዓመት? ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል።

እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ በ1856 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የሣር ሜዳ ሙከራ እስከ ዛሬ አልቆመም። አስቡት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ ማለት ነው! ሜዳውን ከፋፍለው ለአንዱ ማዳበሪያ፣ ለአንዱ ኖራ፣ ለአንዱ ምንም። ከመቶ ዓመት በኋላ ሮይ ስናይዶን የሚባል ሰው መጣና አንዲት መልካም ሽታ ያላትን ሣር ከየክፍሉ ሰብስቦ መረመረ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው እርምጃ የማይሞላ ድንበር ነው ያለው። ግን በቁመትም፣ አፈሩን በመቻልም ተለያይተዋል። የአሲዳማው አፈር ሣር አሲዱን ይችላል፤ የኖራው አይችልም። ነፋስ የአበባ ዱቄታቸውን እያቀላቀለ እንኳ ተለያዩ። ኋላ ላይ ደግሞ ድንበሩ አካባቢ ያሉት የአበባ ጊዜያቸውን እያለያዩ መሆናቸው ታወቀ። እንደማይፈላለጉ ጎረቤቶች ሰዓት ቀይረው መውጣት ጀመሩ ልበላችሁ?

እዚያው እንግሊዝ፣ በክስተን የሚባል ቦታ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፊሊፕ ግራይምና ባልደረቦቹ ሌላ ሙከራ ጀመሩ። የኖራ ድንጋይ ላይ ያለ ቀጭን ሜዳ ነው። አንዱን ክፍል በብርዱ ወራት ያሞቁታል። አንዱን በሙቀቱ ወራት ከዝናብ ይጋርዱታል። አንዱን ያጠጡታል። ዓመት ዓመትን ሲወልድ አንድ ነገር ግር አላቸው፤ ሜዳው ብዙም አልተለወጠም። ያው ሣር፣ ያው ቅጠል። «ታዲያ ምንም አልሆነም ማለት ነው?» ተባለ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ውስጡን፣ ዘረመሉን ከፍተው አዩ። ያዩት አንድ የፌስኩ ሣርን ነው፤ የእኛ የጓሳ የቅርብ ዘመድ። እና ጎርጤብን! አዎ፣ ቁስል ላይ የምናስረውን ያንኑ ጎርጤብ። ላይ ላዩን ያው የነበረው ሜዳ ውስጡ ተለውጦ ነበር። በደረቀው ክፍል ያሉት ዘሮች ካልደረቀው ተለይተዋል። ሜዳው ጸንቶ የቆየው ምንም ስላልነካው አልነበረም። ውስጡ ብዙ ዓይነት ዘር ስለነበረው፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ተተክቶ ነው።

ይህን ልድገመው፤ የመጣሁበት ነገር ስለሆነ። አንዱ ሲደክም ሌላው የሚተካው ሌላው ቀድሞ ካለ ነው። ድርቁ አዲስ ዘር አልፈጠረላቸውም። የነበረውን ነው የመረጠው። የሌለ ነገር አይመረጥም።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የጎመን ዘር ዘመድ ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በየሜዳው የሚበቅል። ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ዘሩን ሰብስበው አስቀምጠው ነበር። ከ2000 እስከ 2004 ድርቅ ሆነ። ከድርቁ በኋላ እንደገና ሰበሰቡ። የአያቱንና የልጅ ልጁን ዘር በአንድ ላይ ዘሩት። የልጅ ልጁ ቀድሞ አበበ፤ በአንደኛው ቦታ ከ8 ቀን በላይ ቀደመ። ለምን? በድርቁ ዓመታት ዘግይቶ የሚያብበው ዘር ሳያፈራ አለቀ። ቶሎ ያበበው አፈርቶ አመለጠ። ሰባት ዓመት ብቻ! ግን ልብ በሉ፤ እሱ ዓመታዊ ተክል ነው፤ በየዓመቱ ይወለዳል። እንደ ጓሳ ያለ ረጅም ዕድሜ የሚኖር ሣር እንዲህ አይፈጥንም። ለሱ ያለው ስንቅ ዛሬ በሜዳው ላይ ያለው ልዩነት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የደቡብ ወሎ ደጋ በበልግ የሚኖር አገር ነው። በልግ ደግሞ ዐመሉን ታውቁታላችሁ። የካቲት ላይ ሁለት ቀን ዘንቦ ሰውን ያስደስትና ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ይሸውዳል። መሬት ውስጥ ያለው የሣርና የማገጥ ዘር ሁሉ በመጀመሪያዋ ዝናብ ቢበቅል ምን ይሆናል? ሁሉም ይደርቃል። ማገጥን እዩት። ከዘሩ ገሚሱ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ውኃ አያስገባም። አንዱ ዘንድሮ ይበቅላል፣ አንዱ ለከርሞ ያድራል፣ አንዱ ከዚያም ይቆያል። ይህ ጠባይ ከወላጅ ይወረሳል። ሽወዳ በበዛበት አገር ሁሉም ቸኳይ የሆነ ዘር አይኖርም። ሁሉም ዘገምተኛ የሆነም ጥሩ ዓመት ያመልጠዋል። ቸኳይም ዘገምተኛም ያለበት ሜዳ ነው ከርሞ የሚገኝ።

ግጦሹም መራጭ ነው፤ ይህን አትርሱ። ከብት ቁመታሙን ይበላል፤ መሬት ላይ የተለጠፈው ይተርፋል። ደቡብ ዳኮታ፣ አሜሪካ ውስጥ ሣር ግጠው የሚኖሩ ጉድጓድ ቆፋሪ አይጠ መጎጥ መሳዮች አሉ። መንደራቸው ላይ ያለውን ሣር ነቅለው ወስደው ማንም በማይነካው ቦታ ተከሉት። እዚያም አጭርና ጋደም ያለ ሆኖ በቀለ። ግጦሹ አጫጭሩን ዘር መርጦ አስቀርቶ ነበር። አሁን የእኛን የወል መሬት አስቡት። ልቅ ግጦሽ ስንት ዘመን ቆየበት? «ብንከልለውም ሣሩ አያድግም» የሚሉ አባቶች አግኝቻለሁ። አፈሩ ተሸርሽሮ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እሱ ነው። ግን ቁመታሙ ዘር ራሱ ከቦታው አልቆ ሊሆንም ይችላል። ያኔ አጥር ብቻ አይበቃም።

ወደ ሦስተኛው ልግባ። ሰዓቱን እያየሁ ነው፤ አብሽሩ፣ ሊያልቅ ነው።

ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። ተራራ ይራቆታል። መፍትሔ ይመጣል። መፍትሔው የአንድ ሣር ግንጣይ ነው፤ በመኪና ተጭኖ፣ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ። እኔ ያየሁት አንድ ተዳፋት አለ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሥራ እንደሆነ አልናገርም። አንድ ዓይነት ግንጣይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተከለበት። ክረምቱ ጥሩ ነበርና አረንጓዴ ሆነ፤ ፎቶ ተነሣ፣ ሪፖርት ተጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት በልጉ ቀረ። ሣሩ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ላይ፣ እንደ ተማከረ ደረቀ። ምክንያቱም አንድ ተክል ነበረ! ሺህ ቦታ የተተከለ አንድ ተክል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ዝሆኔ ሣርም ደሾ ሣርም አትትከሉ እያልኩ አይደለም። ላም ያለው ሰው ዝሆኔ ሣርን ይባርካል። ከጨንቻ ተነሥቶ አገሩን ያዳረሰው ደሾም ብዙ እርከን አድኗል። ግን ሁለቱንም የምናባዛቸው በቁራጭና በግንጣይ ነው። ልጅ ከእናቱ አይለይም። ኬንያና ኡጋንዳ ላይ ዝሆኔ ሣርን የሚያቀጭጭ በሽታ ገብቶ ብዙ ገበሬ አስለቅሷል። ፋይቶፕላዝማ የሚባል ረቂቅ ሕዋስ ነው የሚያመጣው፤ አንዲት ነፍሳት ታዛምተዋለች፣ የታመመ ቁራጭም ይዞት ይሄዳል። እኛም አገር ምዕራቡ ክፍል ላይ የዚህ ዓይነት በሽታ በ2007 እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። መዳኛው ከየት ይፈለጋል? ከዘር ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ የመኖ ዘር ባንክ አለው። የሚችል ዘር የሚፈለገው እንደዚያ ካለ ክምችት ነው። የእኛው የብዝኃ ሕይወት ተቋምም ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህችን አገር ዘር ሲሰበስብ ኖሯል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ ድንክ ቫይረስ ያዳነው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ለሰው ተርፎናል፤ ለራሳችን ጋራ ያንሳል?

ባዶ የቀረ መሬት ደግሞ ባዶ አይቆይም። ቅንጬ አረምን ታውቁታላችሁ። በረሀቡ ጊዜ ከእርዳታ እህል ጋር ገባ ነው የሚባለው። አንዷ ተክል ብቻ ከአሥር ሺህ በላይ ዘር ትበትናለች። ከብት አይበላው፣ ሰው ያሳክከዋል። እሱ የሚገባው እኛ ባራቆትነው በር ነው።

ጥሩ ምሳሌስ የለንም? አለን እንጂ! መንዝ ጓሳን ሂዱና እዩ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ፣ ለ400 ዓመት ገደማ በአካባቢው ሕግ ሲጠበቅ የኖረ። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሽማግሌ ሲፈቅድ ይታጨዳል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሰዉ ግን መልሶ በሌላ መልክ አቆመው። ሲዘጋ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ሣሩ ያፈራል። እናትና አባት ይቀላቀላሉ፤ አዲስ ልጅ ይወለዳል። ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ ሜዳ ግን አበባ አያይም። እኛ ጋ ክልክል እንለዋለን። ክልክሉን ጥቅምት ሳይገባ፣ ዘሩ ሳይጎመራ አትጨዱት፤ ቢያንስ ጥግ ጥጉን ተዉት። ድርቆሹ ትንሽ ይሻክርባችኋል፤ አውቃለሁ። ጥጉ ግን ለከርሞ ነው።

አሁን የሚያከራክር ነገር አለ፤ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጦሳ ላይ ሣር ብንዘራ ከየት እናምጣ? አንዱ ወገን «ከዚያው ከቦታው ብቻ» ይላል። ቦታውን የለመደ ዘር ነው፣ ውርጭ ይችላል። ሌላው ወገን «አየሩ እየሞቀ ስለሆነ ከሞቃት አገር አምጡ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከታች ብቻ ብናመጣ ኅዳር ላይ ያ የእኔ መደብ ይደገማል። ከላይ ብቻ ብንይዝ የሚመጣው ሙቀት ያገኘናል። የእኔ ሐሳብ አብዛኛውን ከቦታው፣ ጥቂቱን ከሐረጎ ታች ነው። ቀላቅሎ መዝራት፣ ከዚያ መሬቱ ይምረጥ። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ አይስማሙም። ይከራከሩኝ፤ በወሬ ሳይሆን በመደብ።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። አህያዋን ተዉአት። እዚህ ያሉ ተማሪዎች ልጅ ሲወልዱ ደሴ ከዛሬው የምትሞቅ ከተማ ነው የምትሆነው። ዘሩን መሰብሰብ ያለብን ዛሬ፣ ገና እያለ ነው።

እንዴት ይሰበሰባል? ቀላል ነው፤ እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፉ። ዘሩ ሲታሽ የሚረግፍበት ጊዜ ነው፤ እዚህ አካባቢ ለብዙው ሣር ከጥቅምት እስከ ኅዳር። ከአንድ ቁጥቋጦ አትሙሉ። ከብዙ፣ ከተራራቁ ሣሮች ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። የሰባውን ብቻ አትምረጡ፤ ከድንጋይ ሥር የወጣውን ቀጫጫም ውሰዱ፣ ድርቁን የቻለው እሱ ሊሆን ይችላል። ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም ውሰዱ፤ አታደባልቁ። በፌስታል አትቋጥሩት፣ ይሻግታል፤ ወረቀት ወይ ጨርቅ ይሁን። ጥላ ላይ አድርቁት። ላዩ ላይ የሣሩን ስም፣ ጋራውን፣ ቀኑን ጻፉ። ከፍታውን ስልካችሁ ይነግራችኋል። የልማት ሠራተኞች፣ እናንተ በየቀበሌያችሁ አንድ ካዝና ለዚህ ብትለዩ ሌላ ወጪ የለውም። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የእናንተ ዘር ለደሴ በጣም ያስፈልጋታል፤ እንዳትሰስቱ።

እኔ ከዚህ በላይ ብቀጥል ቡናው ይቀዘቅዛል። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። እዚያ ጥግ ያሉት አባት ከመጀመሪያው ጀምረው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነበር። አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ ማይኩን ስጡልኝ።